ስለ አንዲት የዋንዛ ታንክና ስለ አያቴ ቃል

ሰው በቤቱ የሚያኖረው ዕቃ በብዙው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለሥራ የሚጠቅም፥ ሁለተኛው ለዓይን ጌጥ የሚሆን። በእኔ ቤት ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆነች አንዲት ዕቃ አለች። ይህችውም ከዋንዛ እንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች፥ ርዝመቷ አንድ ክንድ የማይሞላ፥ የአሮጌ ታንክ አምሳያ ናት። ለሥራ አትጠቅምም፤ ለጌጥም ቢሆን ውበቷ ብዙ አይደለም። ነገር ግን በቤተ ሰባችን መካከል ከ30 ዓመት በላይ ተንጠልጥሎ የኖረውን አንድ ነገር አጥርተን እንድናይ ረድታናለች። ስለዚህ የአሠራሯን ነገር ብገልጸው፥ ልጅ ለሚያሳድግና ሽማግሌ ለሚጦር ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎች አቀረብሁ።

እኔ በጅማ ከተማ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ቤቴ ጅሬን፥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ግርጌ ነው። በሕፃንነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ቈጥሬ፥ ዳዊት ደግሜ፥ ጥቂት ቁም ጽሕፈትም ተምሬ ነበር። ከዚያም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተሻግሬ ሒሳብና የመሥመር ሥዕል ተማርሁ። ከመጀመሪያው ብራናን በወስፌ ማስመርን፥ ከሁለተኛው ደግሞ በማስመሪያና በኮምፓስ መለካትን አተረፍሁ። የዘወትር ሥራዬ ምስክሮች የሚናገሩትን ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ሰውን አንድ ልማድ ያስለምደዋል፤ ይኸውም «አየሁ» የተባለውን ከ«ሰማሁ» ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

አያቴ የጎጃም ተወላጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ፥ አያቴ በ22 ዓመታቸው ምንሽራቸውን ተሸክመው ተከተሉ። በየካቲት ወር የሽሬ ጦርነት በጠላት ድል አድራጊነት ከተፈጸመ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጎሬ ሄዱ፤ በመጨረሻም በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጅማንና ከፋን በሚለየው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም በግዞት ተወሰዱ። አያቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ተከትለዋቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በአንድ የጅማ ባላገር ቤት ተጠግተው ቡና እየለቀሙ ተሸሸጉ። በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጠላት እጅ ስትወጣም ወደ ጎጃም አልተመለሱም፤ እዚሁ አግብተው ወለዱ። የጎጃም ዘር የሆነው ቤተ ሰባችን በጅሬን የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው።

አያቴ ስለ ዘመቻው ብዙ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። እኔ በልጅነቴ ከአፋቸው የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሽሬ፥ ደምበጊና በሚባለው በር፥ ከጠላት ታንኮች አንዱን ከኋላው ደረሱበት፤ ጀርባውንም በድንጋይ መቱት። ያን ጊዜ ከታንኩ ወዲያ ማዶ ጓደኛቸው ቆሞ ነበርና በብረቱ ላይ አሻግረው ፊቱን አዩት። «ብረቱ እስከ ትከሻዬ ነበር፤ በላዩ አሻግሬ ጓደኛዬን አየሁት፤ እርሱም አይቶኝ ሳቀ» ይሉ ነበር። ነገራቸው ይህ ነው፤ አይረዝምም፤ በየጊዜውም አይለወጥም።

ይህ ቃላቸው ግን በሰው ፊት አልታመነላቸውም። በዚያ ጊዜ የጅማ ሰው ታንክ ሲባል የሚያስበው በደርግ ዘመን፥ ማለት ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ፥ ያየውን ከመስኮብ አገር የመጣውን ትልቁን ታንክ ነው። ከእነዚያ አንዱ ቲ 55 የሚባለው ክብደቱ 36 ቶን ገደማ፥ ከፍታውም 2 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በእርሱ ላይ አሻግሮ የሰው ፊት ለማየት በቅሎ ላይ መቀመጥ ሳይሆን በቅሎ ላይ መቆም ያስፈልጋል። እንግዲህ በአንድ ሰርግ ላይ አያቴ ይህን ነገር ሲያወሩ፥ ከዘመዶቻችን አንዱ ጠላውን አስቀምጦ «አባባ፥ ያ ያዩት ነገር ታንክ ነው ወይስ የጅማ በርጩማ?» ብሎ ጠየቃቸው። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። አያቴ አልተቈጡም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ዳግመኛ ሳያነሡት ኖረው፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ።

የአያቴ ታላቅ ልጅ አክስቴ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። ዓይናቸው በሞራ ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ «አንተ የማንንም ሰው ቃል ስትጽፍ ትውላለህ፤ የአባቴን ቃል ማን ጻፈላቸው? እንደ ዋሾ ተቈጥረው እንደ ሞቱ እኔም ልሙት ወይ?» አሉኝ። በዚህ ንግግራቸው መልስ የምሰጥበት አፍ አጣሁ። የአንድን ምስክር ቃል ዝም ብሎ መጻፍ እንዳለ ሆኖ፥ የተጻፈው ቃል ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን መመርመር ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። እኔም በመጀመሪያ ይህን ሁለተኛውን ለመሥራት አሰብሁ።

ስለ ታንክ የተጻፉትን መጻሕፍት ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ታንክ መጀመሪያ በጦር ሜዳ የታየው በፈረንሳይ አገር፥ ሶም በሚባለው ወንዝ አጠገብ፥ መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ይህም በአገራችን ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱበት ከመስከረም 17 ቀን አስቀድሞ በ12 ቀን መሆኑ ነው። የሠሩት እንግሊዞች ሲሆኑ፥ ክብደቱ 28 ቶን፥ በውስጡም 8 ሰዎች የሚገቡበት ነበር። ምሥጢሩ እንዳይታወቅ የውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል ነው ብለው ስላስወሩ ታንክ የሚለው ስም በዚያው ጸንቶ ቀረ። ከዚህ በኋላ ፈረንሳዮች ሬኖ የሚባለውን ሁለት ሰዎች ብቻ የሚገቡበትን ታናሽ ታንክ ሠሩ፤ ይኸውም ዙሪያውን የሚዞር ጉልላት ከላዩ ያለው፥ ሞተሩም ከኋላ የሆነ ነው። ዛሬ በየአገሩ የምናየው አብዛኛው ታንክ ሥርዐቱን የወሰደው ከዚህ ከሬኖው ነው።

ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ይዘውብን ከመጡት ውስጥ ግን አብዛኛው ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1929 ከእንግሊዝ አገር ካርደን ሎይድ የሚባሉትን እጅግ ታናናሽ ታንኮች ገዝተው፥ በእነዚያ አምሳያ የራሳቸውን ሠሩ። ስሙንም ካሮ ቬሎቼ 33 አሉት፤ ፈጣን ታንክ ማለት ነው፤ 33 መባሉም በፈረንጅ ዓመት ምክንያት ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17 ሴንቲሜትር ገደማ፥ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40፥ ከፍታው ግን 1 ሜትር ከ30 ብቻ ነው። ክብደቱ 32 ኩንታል ያህል ይሆናል። በውስጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ጉልላት የለውም፤ ሁለቱ መትረየሶች በፊቱ ተተክለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ ይዞራሉ። የፊቱ ብረት ውፍረት 14 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የጎኑ ከዚያ ይሳሳል።

1 ሜትር ከ30 የሚለውን ቍጥር ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ፤ በግድግዳዬም ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ምልክቱም ከአገጬ በታች ሆነ። ይሁን እንጂ ለአክስቴ ቍጥር ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ዓይናቸው አያይም፤ ሜትርም አያውቁም። ስለዚህ በእጃቸው ዳስሰው የሚያውቁትን ነገር መሥራት እንዲሻል ቈረጥሁ። የ12 ዓመት ልጄም በሥራው ረዳት ሆነልኝ።

በመጀመሪያ ያደረግነው መጠኑን መወሰን ነው። አንድ ሜትር የሆነውን ሁሉ 10 ሴንቲሜትር አድርገን፥ ማለት ከአሥር አንድ እጅ ለመሥራት ተስማማን። እንዲህ ሲሆን ታንኩ በርዝመት 31 ሴንቲሜትር ከ7 ሚሊሜትር፥ በስፋት 14፥ በከፍታ 13 ሴንቲሜትር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ልጄ «አባዬ፥ እንግዲህ ክብደቱም ከአሥር አንድ እጅ፥ 3 ኩንታል ሊሆን ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በጥሬ ሳሙና ቍራጮች አስረዳሁት። ርዝመት ከአሥር አንድ ሲያንስ፥ ቀለም የሚቀባው ገጽ ከመቶ አንድ ያንሳል፤ ክብደቱ ግን በርዝመትም በስፋትም በከፍታም ስለሚቀንስ ከሺህ አንድ ይሆናል። ስለዚህ እንደ እውነተኛው ከብረት ቢሠራ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። በኋላ ሠርተን በፈጸምን ጊዜ በአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ ብናስቀምጣት 1 ኪሎ ተኩል ሆነች፤ እንጨት ከብረት ይቀላልና። ልጄ በትምህርት ቤት ያልገባው ይህ ሒሳብ በዚያ ቀን ገባው።

ስለ እንጨቱ የጅማ ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። አገራችን በርጩማና በእንጨት ቅርጽ የታወቀ ነው፤ የአባ ጅፋርም ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራው እስከ ዛሬ ለተመልካች ይታያል። ዋንዛ የመረጥሁት ለመሮ የማያስቸግር፥ ሲደርቅም ቅርጹን የማይለውጥ ስለ ሆነ ነው። የሰፈራችን አናጢ ለአልጋ ሠርቶ የተረፈውን ሁለት ዓመት የደረቀ ጉማጅ ሰጠን፤ «እርጥቡ ይሰነጠቅባችኋል፤ እንጨት እንደ ሰው ነው፤ ውሃው ሳይወጣ ምሥጢር አያስችለውም» ብሎም መከረን። ገላውን በመጋዝ ቈርጠን፥ ተዳፋቱን በመላጊያ አወጣን፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። መንኰራኵሮቹን ከመጥረጊያ እንጨት እየቈረጥን አበጀን። ታንኩ የሚሄድበትን ሰንሰለት ደግሞ በቀጭን የቆዳ ጠፍር ላይ የቆርቆሮ ቍራጭ እየደረደርን ሠራነው። መትረየሶቹ ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ወጡ።

ልጄን የሚያስጨንቀው የነበረው በብረቱ ሰሌዳ ጠርዝ የሚታዩት የምስማርና የብሎን ራሶች ነገር ነው። በእውነተኛው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር የማይሞላው የብሎን ራስ በእኛ መጠን ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህን የሚያህል ምስማር በገበያ የለም። እርሱ ራሱ ከእናቱ ማድጋ የጎመን ዘር አምጥቶ «ልኩ ይህ አይደለም ወይ?» አለኝ። ብንለካው ልክ ሆነ። እኔ በቄስ ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት በወስፌ መሥመር አሰመርሁ፤ እርሱ ደግሞ በመሥመሩ ላይ ኮላ እየነካ ዘሩን አንድ በአንድ ተከለ። ይህ ሥራ አሥራ አንድ ማታ ፈጀ። በእነዚያ ማታዎች ልጄና እኔ የተነጋገርነው ነገር ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ከተነጋገርነው ይበልጣል።

ቀለም በመቀባት ጊዜ ክርክር ተነሣ። ልጄ በጎኑ ላይ አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቀይ ሰንደቅ ዓላማችንን ልሣል አለ። እኔም ይህ የጠላት ታንክ ስለ ሆነ የእኛ ሰንደቅ ዓላማ አይገባውም አልሁት። ልጁ አዝኖ «ለእኛ ታንክ አልነበረንም ወይ?» አለ። ነበረን፤ ከጦርነቱ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ፊያት 3000 የሚባሉ ጥቂት ታንኮች ነበሩት፤ እነዚህም ከዚያው ከኢጣልያ አገር የተሠሩ፥ የፈረንሳዩን ሬኖ መስለው የወጡ፥ ጉልላት ያላቸው ናቸው። ከፍታቸው 2 ሜትር ከ19 ያህል ነው። ይህን ስነግረው ልጄ ወዲያው አሰበና «እንግዲያስ አያትህ ያዩት ያንን ቢሆን ኖሮ ጓደኛቸውን አሻግረው አያዩትም ነበር» አለ። በእውነቱ ይህ ነገር ከእኔ በፊት ለእርሱ በመታየቱ ደስ አለኝ። ሰንደቅ ዓላማውንም በሚቀጥለው ጊዜ በምንሠራው በፊያቱ ላይ እንዲሥል ተስማማን።

የቀለሙን ዓይነት ከፎቶግራፍ ማወቅ አይቻልም፤ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነውና። ነገር ግን አያቴ «አፈር የመሰለ» ይሉት እንደ ነበር አክስቴ ስላስታወሱ፥ በእርሳቸው ቃል ተመራን። ቡናማና ቢጫ ቀለም አደባልቀን ሦስት ጊዜ ቀባን፤ በእያንዳንዱም መካከል አንድ ቀን አደረቅን። በመጨረሻ ልጄ ከደጃችን ቀይ አፈር ወስዶ በሰንሰለቱ ላይ ሊነሰንስ ፈለገ። ይህ የጅማ አፈር እንጂ የሽሬ አፈር ስላይደለ ከለከልሁት፤ ያላየነውን ነገር እንዳየነው አድርገን ማቅረብ አይገባንምና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከቀረው እንጨት አንድ የሰው ምስል ቀረጽን፤ ቁመቱንም 17 ሴንቲሜትር አደረግነው፤ ይኸውም 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ማለት ነው። ከታንኩ ኋላ ብናቆመው ብረቱ እስከ ደረቱ ደረሰ። አንድ እሑድ ሁለቱንም ይዘን ወደ አክስቴ ቤት ሄድን።

አክስቴ ታንኩን በጭናቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዳሰሱት። የጎመን ዘሩን በጣታቸው ጫፍ ተከተሉት፤ መትረየሶቹን ነኩ፤ ከኋላው ምንም መትረየስ አለመኖሩን ሲያውቁ እጃቸው እዚያው ቆመ። ቀጥለው የሰውዬውን ምስል ተቀብለው ከእግር እስከ ራሱ ለኩት። ወዲያው ግንባራቸው ተቋጠረ። «ይህ ሰው ረዥም ነው፤ አባቴ እንዲህ አልነበሩም። አባቴ አጭር ነበሩ፤ እናቴ በቁመት ትበልጣቸው ነበር። የሌላ ሰው አካል አትስጧቸው» አሉ። ምስሉ ሲያጥር የአባታቸው ነገር እንደሚደክም የሚያስብ ሰው ይህን ባልተናገረ ነበር። ምን ያህል እንደሚያጥሩ ጠይቀናቸው፥ ከቤታቸው በር መቃን ላይ አባታቸው ሲገቡ ራሳቸው የሚደርስበትን በእጃቸው አሳዩን። ብለካው 1 ሜትር ከ60 ሆነ። ልጄም ምስሉን ከእግሩ ቈርጦ 16 ሴንቲሜትር አደረገውና እንደ ገና ከታንኩ ኋላ አቆመው። አሁን ብረቱ ደረቱ ላይ ሳይሆን ልክ ትከሻው ላይ ዋለ። ዓይኖቹ ግን ከብረቱ በላይ ነበሩ።

«እስከ ትከሻዬ ነበር» የሚለውን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ድምፁን አውጥቶ አልተናገረም፤ ነገር ግን ሁላችን አሰብነው። እኔ በሥራዬ ብዙ ምስክሮች አይቻለሁ። ሐሰት የሚናገር ሰው ለራሱ የሚያደላውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አክስቴ ግን አባታቸውን ሲያሳጥሩ የአባታቸውን ቃል አጸኑት።

ልጄ በታንኩ ላይ ያለውን ክዳን የሚከፈት ላድርገው ወይ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሌላ ነገር ሰማን። አክስቴ እንዲህ አሉ፤ «አባቴ ለእናቴ በማታ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ክዳኑ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ዝም ይላሉ። በውስጡ ሁለት ሰዎች እንደ ነበሩ ብቻ ይናገሩ ነበር።» ልጄም እኔም ሌላ አልጠየቅንም። ክዳኑን በኮላ አጣብቀን ተውነው፤ ተዘግቶም ይኖራል።

ስለ ደምበጊና ታሪክ የሚመሰክረው ነገር ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ቀዳሚ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፥ በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዘውን የጠላት ጦር በበሩ ላይ ገጠመው። ከጠላት ጋር 9 ያህል እነዚህ ታናናሽ ታንኮች ነበሩ። የእኛ ሰዎች መትረየሱ የማይዞርበትን ጎንና ኋላ እየፈለጉ ቀርበው፥ ድንጋይና ጎራዴ ይዘው ታንኮቹን አሸነፉ። ጠላትም ወደ ሽሬ አፈገፈገ። ነገር ግን ጥቂት ቀን ሳይቆይ፥ በዚያው በታኅሣሥ ወር፥ ጠላት በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ በተከዜ አካባቢ በጦሩ ላይ አፈሰሰ። በብረት ሣጥን ላይ ከኋላ መምጣት ይቻላል፤ ከሰማይ በሚወርድ መርዝ ላይ ግን ከኋላ የሚመጣበት መንገድ የለም። ከጦርነቱ ፍጻሜ አንጻር የአያቴ ድንጋይ ትንሽ ነገር መሆኑን ለልጄ ሳልሸሽግ ነገርሁት።

በሰርጉ ላይ በርጩማ ብሎ የቀለደው ዘመዳችን ዛሬ እርሱም ሽማግሌ ሆኗል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አክስቴ ቡና አፍልተው አስጠሩት። በረከቦቱ አጠገብ ታንኩና ምስሉ ተቀምጠው ነበር። ዘመዳችን ሁለት ስኒ እስኪጠጣ ድረስ እያየ ዝም አለ። ከዚያ ምስሉን አንሥቶ በፊት በኩል አቆመው፤ መልሶም ወደ ኋላ ወሰደውና ልጄን «ከዚህ ሲመጡበት በምን ይተኵሳል?» ብሎ ጠየቀው። ልጄም «በምንም አይተኵስም፥ አባባ፤ መትረየሱ ወደ ኋላ አይዞርም» ብሎ መለሰ። ዘመዳችንም ወደ አክስቴ ዞሮ «እትዬ፥ እኔ ያየሁት ታንክ ሌላ ነበር» አላቸው። አክስቴ ሦስተኛውን ስኒ እየቀዱ «አንተ ያየኸውንማ ማን ካደ?» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ለመናቸው፤ እርሳቸውም ነገሩት። እርሱ አንድ ጊዜም አላቋረጣቸውም።

እኔ በዚያው ዕለት ቃሉን በወረቀት ላይ ጻፍሁት። በመጀመሪያ አያቴ አየሁ ያሉትን፥ እኔ ከአፋቸው እንደ ሰማሁት፤ በሁለተኛ አክስቴ የሰሙትን፤ በሦስተኛ በልክ የተረጋገጠውን፥ ማለት የታንኩን ከፍታና የሰውዬውን ቁመት ለየብቻ አሰፈርሁ። ይህ ሁሉ አያቴ ያንን ታንክ በድንጋይ መቱት ብሎ አይፈርድም፤ የዚያ ምስክር የነበረው ጓደኛቸው ስሙም መቃብሩም በእኛ ዘንድ የለም። የሚያስረዳው ነገር ቢኖር «ሊሆን አይችልም» ተብሎ የተሳቀበት ቃል ሊሆን የሚችል፥ በልኩም ትክክል የሆነ ቃል መሆኑን ነው። ለአክስቴ ይህን ስነግራቸው «ከዚህ በላይ አልጠየቅሁህም» አሉኝ። በወረቀቱ ግርጌ አክስቴ በጣታቸው ፈረሙ፤ ዘመዳችንም በራሱ ፈቃድ እማኝ ሆኖ ስሙን ጻፈ።

አንባቢዎች ሆይ፥ በየቤታችን የሽማግሌ ነገር ሲነገር እንሰማለን፤ አንዳንዱ የማይመስል ሆኖ ይታየናል። የማይመስለን ግን ብዙ ጊዜ እኛ በምናውቀው በዛሬው ዕቃ ስለምንለካው ነው። የቀድሞው ዘመን ጠመንጃ፥ ድልድይ፥ መንገድ፥ ታንክም ቢሆን የራሱ ልክ ነበረው። ስለዚህ ከመሳቃችን አስቀድሞ ልኩን ብንጠይቅ መልካም ነው። ይህንንም የሚጠይቁ ልጆች ቢሆኑ የበለጠ ይጠቅማል፤ የጦር መሣሪያን አምሳያ የሚሠራ ልጅ ጦርነትን መውደድ ይለምዳል ብለው የሚፈሩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእኔ ልጅ ግን በዚህ ሥራ ሒሳብን፥ ትዕግሥትንና በተዘጋ ክዳን ፊት ዝም ማለትን ተምሯል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደረቅ ጉማጅ፥ መሮ፥ ኮላና ጥቂት የጎመን ዘር ይበቃል። ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ደግሞ ከሥራው አጠገብ ይቀመጡ፤ የእንጨቱን ሰው ቁመት ማስተካከል የሚችሉ እርሳቸው ብቻ ናቸውና።